ስለ ነርቭ መገናኛ ፕሮቲኖች የአማርኛ ስያሜ፦ የአንድ ረቂቅ ትርጉም ግምገማ

በደቡብ ጎንደር፣ በሐሙሲት ለሚሰጥ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና የተዘጋጀ አንድ ረቂቅ ትርጉም አስተያየት እንድንሰጥበት ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ መንጋጋ ቆልፍ የተባለው በሽታ ጡንቻን ስለምን እንደሚያኮማትር ያስረዳል። ዐረፍተ ነገሩ የጠራ ነው፤ ሰዋስዉም አይነቀፍም። ይሁን እንጂ በስያሜ ምርጫ ረገድ ሦስት ስሕተቶች አግኝተንበታል፤ ከእነርሱም አንዱ ትምህርቱን ይገለብጠዋል።

ስያሜን ለመመዘን አስቀድሞ ነገሩን መረዳት ያሻል። በነርቭ ጫፍ ውስጥ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የያዙ፣ 40 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ከረጢቶች ይገኛሉ። በከረጢቱ ላይ ያለው ሲናፕቶብሬቪን በነርቩ ሽፋን ላይ ካሉት ከሲንታክሲንና ከስናፕ-25 ጋር እንደ ገመድ ይገመዳል፤ ገመዱ ሲጠብቅም ሁለቱ ሽፋኖች ይቀራረባሉ። ካልሲየም ሲገባ ሲናፕቶታግሚን የተባለው ፕሮቲን ምልክቱን ይቀበላል፤ ሽፋኖቹ አንድ ይሆናሉ፤ ኬሚካሉም ይፈስሳል። ስለዚህ የከረጢት ዝውውር ባደረጉት ምርምር ጄምስ ሮትማን፣ ራንዲ ሼክማንና ቶማስ ሱድሆፍ በ2013 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የሚገመዱት ፕሮቲኖች በወል ስማቸው «ስኔር» ይባላሉ። ተርጓሚው ቃሉን በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፈልጎ «ወጥመድ» ብሎታል። ስኔር ግን «የስናፕ ተቀባይ» ከሚል ስያሜ የወጣ ምኅጻረ ቃል ነው። በዚህ ስም ውስጥ ያለው ስናፕም ከስናፕ-25 ጋር በድምፅ እንጂ በነገር አይገናኝም። «መርዙ ወጥመዱን ይቆርጣል» የሚል ያነበበ ሠልጣኝ ምን ይረዳል? ወጥመድ ሲቆረጥ የተያዘው ያመልጣልና መርዙ ኬሚካሉን የሚያስለቅቅ ይመስለዋል፤ የሕመምተኛው መንዘፍዘፍም ግምቱን ያጸናለታል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. እንደተደረሰበት፣ መርዙ ሲናፕቶብሬቪንን ቆርጦ ኬሚካሉ እንዳይወጣ ያግዳል። የሚታገደው በዋነኛነት ጡንቻን የሚያረግበው መልእክት ስለሆነ ጡንቻው ገቺ አጥቶ ይኮማተራል። ስለዚህ ቃሉ «ስኔር» ተብሎ እንዳለ እንዲወሰድ፣ ማብራሪያም ካስፈለገ «ገማጅ ፕሮቲን» እንዲባል እንመክራለን።

ሁለተኛው ስሕተት የሽፋኖቹን አንድ መሆን «መገጣጠም» ማለት ነው። የተገጣጠሙ ሁለት ሳንቃዎች ሁለት እንደሆኑ ይቀራሉ። በወጥ ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት የቅቤ ጠብታዎች ግን ሲነካኩ አንድ ጠብታ ይሆናሉ፤ ሽፋኖቹም ከቅባት የተሠሩ ናቸውና ምሳሌው ይስማማቸዋል። ለዚህ የሚሆነው ቃል «ውሕደት» ነው። ቃሉ ከነገረ መለኮት ጋር የተቆራኘ ነው ተብሎ ሊተው አይገባም፤ ስለ ድርጅቶችና ስለ ኩባንያዎች ስንናገር ያለ ችግር እንጠቀምበታለንና።

ሦስተኛው፣ ከረጢቱን «ፊኛ»፣ ምልሰቱን ደግሞ «እንደገና ማምረት» ማለት ነው። ፊኛ ለጤና ባለሙያ የሽንት ፊኛ ነው፤ «ንዑስ ከረጢት» ይሻላል። ምልሰቱን በተመለከተ ስሟን ከሐሙስ የወሰደችው ሐሙሲት ራሷ ታስተምራለች። እህሉን በገበያ ያራገፈ ገበሬ ስልቻውን አጥፎ ይመለሳል፤ በሳምንቱ ያንኑ ሞልቶ ይመጣል እንጂ አዲስ አይሰፋም። በነርቭ ጫፍም ክላትሪንና ዳይናሚን ከተዋሐደው ሽፋን ላይ ከረጢት ቆርሰው ያወጣሉ፤ ኤንኤስኤፍ የተባለው ፕሮቲን ከአልፋ-ስናፕ ጋር ሆኖ የተገመዱትን ይፈታል፤ ከረጢቱም ዳግመኛ ይሞላል። ምሳሌው የሚያገለግለው ግን ለምልሰቱ ብቻ ነው፤ ስልቻ ከገበያው መሬት ጋር አይዋሐድምና። ስያሜው «መልሶ መጠቀም» ቢሆን በቂ ነው።

የረቂቁ አዘጋጆች የደከሙበት ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና «ወጥመድ» የሚለው ቃል ሳይታረም ለሥልጠና እንዳይውል አጥብቀን እናሳስባለን።