ስላልተፈታ ምሥጢር፦ ኤበሮንና ዋሻ ሚካኤል

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ፥ አንዱ ተራኪ፥ ሌሎቹ ባለታሪክ ሆነው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኪት ቤከር ለዚሁ ጨዋታ በፈጠረው፥ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤበሮን በተባለው ዓለም፥ ሳይር የምትባል አገር በአንድ ቀን ትጠፋለች። ምን አጠፋት? ደራሲው ሆን ብሎ አልተናገረም፤ መልሱን ለየተራኪው ትቶታል። ይህን ስንፍና የሚሉት አሉ። እኔ አልስማማም። በዚያ ዓለም የረጅሙ ጦርነት መቆም «በእኛም ይደርስ ይሆን?» ከሚለው ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነውና፥ መልሱ ቢታተም የሰላሙ ምክንያት በፈረሰ ነበር።

የሚያሳስበኝ ይህንኑ ልማድ ወደ ታሪክ ስናሻግረው ነው። በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከኮረብታው ላይ፥ ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። አፈ ታሪክ ለአብርሃና አጽብሓ፥ ማለት ለ4ኛው ምእት ዓመት ይሰጠዋል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምእት ዓመት ባለው ዘመን ያኖሩታል። ጎብኚው (እኔም ጭምር) «ምሥጢር ነው» ብሎ ደስ ብሎት ይመለሳል። ሳይርን ማንም ቆፍሮ አያገኛትም። የዋሻ ሚካኤል ጠራቢ የእጁ ሥራ ግን ዛሬም በዓለቱ ላይ ይታያል፤ ጣራ የለውምና ዝናቡ በየክረምቱ ያጥበዋል።