ባለቤት ያጣ ትዝታ፦ የሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» ከአማርኛ አንጻር

በአማርኛ «ትዝ አለኝ» ሲባል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ተናጋሪው አይደለም። ትዝ ያለው ነገር ባለቤት ሆኖ ይመጣል፤ ሰውየው ተሳቢ ሆኖ ይቀበለዋል። «አስታወስኩ» የሚል ሰው ግን ራሱ ባለቤት ነው፤ ያለፈውን ፈልጎ ያነሣ እሱ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሎይስ ሎውሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት «ዘ ጊቨር» (ሰጪው) የተሰኘ ለወጣቶች የተጻፈ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚያነሣው ጥያቄ በዚህ ልዩነት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ትዝታ የሚመጣበት ሰውና የሚያስታውስ ሰው አንድ ናቸውን? መጽሐፉ ስለ መጀመሪያው ብርቱ ሥዕል ይሰጣል። ስለ ሁለተኛው የሚሰጠው መልስ ግን ጎዶሎ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸምበት ማኅበረሰብ ቀለም፣ ኮረብታ፣ የአየር ለውጥ፣ ሕመምና ምርጫ ተወግደውለት በ«አንድ ዓይነትነት» የሚኖር ነው። ያለፈው ዘመን ትዝታ ሁሉ በአንድ አዛውንት ላይ ተከማችቷል። ጆናስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው የእኚህ ሰው ተተኪ፣ ትዝታ ተቀባይ ሆኖ ይመረጣል። አዛውንቱ እጃቸውን በጀርባው ላይ አኑረው ትዝታዎቹን አንድ በአንድ ያስተላልፉለታል፤ የሰጡት ከእሳቸው ዘንድ ይጠፋል። በመጀመሪያ የበረዶ ቁልቁለት፣ ቀጥሎ የፀሐይ ሙቀት፣ ኋላም የአጥንት ስብራት፣ ረኀብና ጦርነት ይመጣሉ። እዚህ ላይ «በረዶ» ራሱ ለተርጓሚ ፈተና ነው። የአዲስ አበባ አንባቢ በዚህ ቃል የሚያውቀው ጣራ የሚደበድበውን የክረምት ጠጠር እንጂ እንደ ጥጥ ብናኝ ዝም ብሎ የሚወርደውን አይደለም። ስለዚህ አንባቢው ከጆናስ እኩል አዲስ ነገር ይቀበላል፤ ትርጉሙም ከዚህ አንጻር ከዋናው የተሻለ ዕድል አለው።

ጆናስ የሚቀበላቸው ነገሮች በአማርኛ ሲጻፉ በአንድ የሰዋስው ቤት ይሰበሰባሉ፦ በረደው፣ ሞቀው፣ ራበው፣ አመመው፣ ናፈቀው፣ ትዝ አለው። በሁሉም ልጁ ተሳቢ ነው። እንግሊዝኛው በእነዚህ ሁሉ ሰውየውን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ስለሚያደርገው ዝምድናቸው በዋናው ላይ ጎልቶ አይታይም። በአንጻሩ ቤተሰቡ ማታ ማታ ተቀምጦ ስሜቱን የሚናገርበት ሥርዓት «ተናደድኩ»፣ «ተጨነቅኩ»፣ «ሰጋሁ» በሚሉ፣ ተናጋሪው ባለቤት በሆነባቸው ግሦች ሊያልቅ ይችላል። ልብ ወለዱ ሲከፈት ጆናስ በውስጡ ለሚሰማው ነገር ልኩን ቃል እየፈለገ ከ«ፍርሃት» ወደ «ስጋት» መሸጋገሩም ከዚሁ ወገን ነው፤ ልጁ ገና ቃሉን መራጭ፣ የስሜቱም አዛዥ ነው። በአዛውንቱ ክፍል ውስጥ የሚማረው ሰው መሆን ሳይጠሩት የሚመጣን ነገር መቀበልን እንደሚጨምር ነው። የመጽሐፉ ጥንካሬ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ማኅበረሰቡ ትዝታን ያጠፋው በቃል በኩል መሆኑንም ሎውሪ በሚገባ አሳይተዋል። በአራት ዓመቱ በረኀብ ሞትኩ ያለ ሕፃን «ምግብ አማረህ እንጂ አልተራብክም» ተብሎ ይታረማል። ጆናስ ወላጆቹን ትወዱኛላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ቃሉ ያረጀና ልክ የሌለው ስለሆነ በትክክል እንዲናገር ይመክሩታል። ከሁሉ የከፋው ግን ከማኅበረሰቡ ለሚወገዱ ሽማግሌዎች፣ ጥፋተኞችና ሕፃናት የሚነገረው ለስላሳ ቃል ነው። ለዚህ በአማርኛ «ማሰናበት» ከሚለው ይልቅ «ሽኝት» ይቀርባል። ሽኝት ለመንገደኛም ለጡረተኛም ይደረጋል፤ የሞተ ሰው ቀብርም «የመጨረሻ ሽኝት» ይባላል። ሽማግሌዎቹ በግብዣና በንግግር መሸኘታቸው ቃሉን ሙሉ በሙሉ ይገጥመዋል። ከዚያ የጆናስ አባት ከመንታዎቹ ቀላል የሆነውን ጨቅላ ብቻውን በመርፌ ሲገድል፣ በካርቶን አድርጎ ወደ ቆሻሻ መውረጃው ሲለቀውና በእጁ ምልክት ሲሰናበተው፣ «ሸኘው» የሚለው ግስ በአማርኛ አንባቢ አፍ ውስጥ ይመርራል። መሸኘት እስከ አንድ ቦታ አብሮ መሄድ ነውና።

ትርጉሙ የሚያስነሣው ሌላ ጥያቄ የአክብሮት ነው። ለጆናስ ከሚሰጡት የሥራ መመሪያዎች አንዱ ከትሕትና ሕግ ነፃ ያወጣዋል፤ የፈለገውን ሁሉ መጠየቅ ይችላል። በእንግሊዝኛ ይህ በአንድ መስመር ያልፋል። በአማርኛ ግን ልጁ አዛውንቱን «አንተ» እንዲላቸው ተፈቀደለት ማለት ነውን? ቢፈቀድለትም «እርስዎ» ማለቱን ቢቀጥል ይሻላል፤ በመካከላቸው የሚያድገው ፍቅር የአያትና የልጅ ልጅ ፍቅር ነውና። አያት የሚባል ነገር ደግሞ ጆናስ አያውቅም። ልጆች ሲያድጉ ወላጆች ወደ ሌላ መኖሪያ ይሄዳሉ፤ ቤተሰቡ ይፈርሳል። ጆናስ አያቶች መኖራቸውን የሚረዳው አዛውንቱ ከሚወዱት የገና ምሽት ትዝታ ነው። በኢትዮጵያ ማንኛውም የመታወቂያ ቅጽ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ስለሚጠይቅ፣ አያቱን የማያውቅ ሰው ማንነቱን ሞልቶ መጻፍ አይችልም። ጆናስ ከመጀመሪያው መስመር ማለፍ አይሆንለትም። ያም መስመር ቢሆን እንግዳ ነገር አለበት፦ በአማርኛ ዮናስ፣ ከእሱ ጋር የሚሸሸው ሕፃን ደግሞ ገብርኤል ይባላሉ። ማኅበረሰቡ ያለፈውን ሁሉ ሰርዞ ስሞቹን ብቻ ሳያውቅ ጠብቋቸዋል።

የመጽሐፉ ድካም ከዚህ ይጀምራል። ጆናስ ከሚቀበላቸው ትዝታዎች አንዱ በሰፊ ሰማይ ሥር፣ ሣር በሳሳበት ሞቃት ምድር የተገደለ ዝሆን ነው። ሰዎች ጥርሱን ቆርጠው ይሄዳሉ፤ ሌላ ዝሆን መጥቶ ሬሳውን በኩምቢው ይዳብሳል፣ ቅጠል ያለብሰዋል፣ ይጮኻል። ልብ የሚነካ ገጽ ነው። ነገር ግን የማን ትዝታ ነው? መጽሐፉ ከመታተሙ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1989፣ የኬንያ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ በአደባባይ አቃጥለዋል፤ በዚሁ ዓመት ዓለም አቀፍ የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ ተወስኗል። የምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ለዚያ ዝሆን ቦታ፣ ለገዳዮቹም ገዢ ያውቅላቸዋል። በልብ ወለዱ ግን ያየው ዓይን የማን እንደ ሆነ እንኳ አይነገርም። በጦር ሜዳው ላይ ውኃ እየለመነ የሚሞተው ልጅም እንዲሁ ነው፤ ስም፣ ወገን፣ እናት የለውም።

ይህን ደራሲዋ ሆነ ብለው ያደረጉት ሊሆን ይችላል፤ ስም የሌለው ሕመም የሁሉም ነው የሚል ሐሳብ ይኖረዋል። በ1994 የኒውቤሪን ሜዳልያ ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር ግን የተናገሩት ከዚህ የራቀ ነው። እርጅና ትዝታውን የወሰደበት አባታቸው የታላቅ እህታቸውን ፎቶግራፍ እያየ ምን እንደ ደረሰባት ይጠይቅ እንደ ነበር ገልጸዋል። አባትየው ሞቷን ቢረሳም የሚጠይቀው ስለ አንዲት ልጁ ነው። ጆናስ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅለት ሰው የለውም። አማርኛ ከትዝታና ከማስታወስ ሌላ «ዝክር» እና «መታሰቢያ» አለው፤ ሁለቱም የእከሌ ካልተባለ አይቆሙም። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ፎቶግራፎቹ ከነስማቸው ተሰቅለዋል። ጎብኚው የሚቀበለው የሽብርን ጣዕም ብቻ ሳይሆን የተገደለውን ሰው ነው። «ዘ ጊቨር» ትዝ ማለትን አውቆ መዘከርን ሳያውቅ ቀርቷል፤ ስለዚህ በመጨረሻ ጆናስ የሚሰማው ሰው ይሆናል እንጂ የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አይሆንም።

ይህ ጉድለት በፍጻሜው ይከብዳል። ጆናስ ድንበሩን ሲያልፍ የያዛቸው ትዝታዎች ወደ ሕዝቡ ይመለሳሉ። ከዐሥር ዓመት በፊት የቀድሞዋ ተተኪ ሮዝሜሪ ራሷ ጠይቃ በተወገደች ጊዜ የአምስት ሳምንት ትዝታ ብቻ ተመልሶ ሕዝቡን አሸብሮ ነበር። አሁን የሚመጣው ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ገበሬውም ዳኛውም «ትዝ አለኝ» ሊል ነው፣ ምን እንደ ሆነና ከማን እንደ መጣ ሳያውቅ። ትረካው ግን ከልጁና ከሕፃኑ ጋር በበረዶው ኮረብታ ላይ ይቀራል፤ ከኋላ የሚሰማው ዜማም የገደል ማሚቶ ሊሆን እንደሚችል ይነገረናል። በ2012 የወጣው «ሰን» ወደዚያው ማኅበረሰብ ቢመለስም የገብርኤልን እናት ተከትሎ ይወጣል። አዛውንቱ ሕዝቡን ለመርዳት ወደ ኋላ ቀርተዋል። ምን እንዳሏቸው፣ የዝሆኑንና የወታደሩን ልጅ ትዝታ በማን ስም እንዳስረዷቸው ገና አልተጻፈም።