ሂካ ወይስ አናሲሞስ?

ማንነት ከአባት የሚወረስ ነው ወይስ ራስ የሚመርጡት? ለዚህ ጥያቄ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አካባቢ የተወለዱት የአናሲሞስ ነሲብ ሥራ መልስ ይሰጠናል።

የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጡ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነፃ ወጡ፤ ሲጠመቁም የፊልሞና ባሪያ የነበረው የአናሲሞስ ስም ወጣላቸው። «ስማቸው ሲለወጥ ማንነታቸውም ተለወጠ» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ሰውን በሥራው መመዘን ይገባል እንላለን። በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው፤ ባዕድ ስም የያዙት ሰው የደከሙት ለአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር።

ሥራውን ስናመሰግን አንድ ነገር ልንሰውር አይገባም። ተርጓሚው ከአገራቸው በልጅነታቸው ተለይተዋልና ኦሮምኛው አንሷቸው ነበር። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡት አስቴር ጋኖ ቃላት ሰብስበው ባይረዷቸው ኖሮ ትርጉሙ በጎደለ ነበር። ስለዚህ አናሲሞስ ኦሮምኛን የወረሱት ብቻ ሳይሆን ዳግመኛ የተማሩትም ነው፤ ለአስቴር የሚሰጠው ምስጋናም እስከ ዛሬ አነስተኛ ነው።

መምህራን ሆይ፥ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» የተባለ ተማሪ ቢያጋጥማችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት። አናሲሞስ ተብለው የሂካን ሥራ ፈጽመዋልና።