በባልንጀራ ፊት የሚመረመር እምነት፦ ክርስቲያናዊ ሕይወት በጌዴኦ ምድር

ስለ ክርስቲያናዊ ሕይወት በሀገራችን የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው፣ አብዛኛው ድርሳን ምእመኑን ከፈጣሪው ጋር ለብቻው አቁሞ ጾሙንና ጸሎቱን፣ ንስሐውንና ስግደቱን የሚመዝን ሆኖ ያገኘዋል፤ ያንኑ ምእመን ከድንበርተኛው ጋር አቁሞ የሚመረምረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት ለመመርመር ከጌዴኦ ምድር የተሻለ ስፍራ አላውቅም፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ከዞኑ ነዋሪ ከመቶው ከሰባ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነኝ ብሎ በተመዘገበበት፣ የኦርቶዶክስና የካቶሊክ ምእመናንም በዚያ ላይ በሚታከሉበት በዚህ አገርና በአጎራባቹ በምዕራብ ጉጂ፣ በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤት ንብረቱ የተፈናቀለው፣ በአመዛኙ ክርስቲያን በሆኑ ሁለት ወንድማማች ሕዝቦች፣ በጌዴኦና በጉጂ፣ መካከል በተነሣ ግጭት ነውና። ወንድማማች ማለቴም ለማለዘብ አይደለም፤ የሁለቱም ሽማግሌዎች አባቶቻቸው ዳራሶና ጉጆ ወንድማማች እንደ ነበሩ ይተርካሉ።

ወንጌል ወደዚህ ምድር የገባበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ጌዴኦን ከያዘ በኋላ፣ መስቀሉና የገባርነት ቀንበር በአንድ ዘመን ስለ ደረሱ፣ ጭሰኛው ክርስትናን አስቀድሞ ያወቀው የባለርስቱ ሃይማኖት አድርጎ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. በሚጭሌ በባለርስቶች ላይ የተነሣውና ብዙ ደም የፈሰሰበት ዐመፅም ምሬቱ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በ1941 ዓ.ም. ገደማ የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን መልእክተኞች የነበሩት አልበርት ብራንትና ግሌን ኬን ወደ ዲላ በደረሱ ጊዜ፣ ዋራሳ ዋንጌ የተባለ ሰው መምጣታቸውን አስቀድሞ በራእይ አይቶ ነበር የሚለው ታሪክ በሚሲዮን መጻሕፍት ደጋግሞ ይተረካል። ተራኪዎቹ በራእዩ ተአምራዊነት ሲደነቁ፣ እኔን የሚያስደንቀኝ ሰውዬው ማጌኖን፣ የሁሉን ፈጣሪ፣ ከመልእክተኞቹ አስቀድሞ ያውቀውና ይለምነው የነበረ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ስብከት ክርስቲያን መሆንን በአመዛኙ በመተው አስተማረ፤ መጠጥ መተው፣ ለጥንቱ አምልኮ ከሚደረገው መሥዋዕት መራቅ፣ በሚስት ላይ ሚስት አለማግባት። ይህን ትምህርት አቃልሎ ማየት አይገባም፤ ገንዘቡን በጠላ ቤት ይጨርስ የነበረው አባወራ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የላከው በዚሁ ተግሣጽ ነው። ነገር ግን በቡና ለቀማ ወራት ወደ ይርጋጨፌ መንገድ የወጣ ሰው ትምህርቱ የቆመበትን ወሰን ያያል። አርሶ አደሩ ቀይ እሸት ቡናውን በጆንያ ተሸክሞ መጥቶ በሰብሳቢው ሚዛን ላይ ያሳርፋል፤ የሚዛኑ መርፌ ገና ሳይረጋ ቍጥሩ ይጠራል፣ ብሩ ይቈጠራል፣ ጆንያው ይገለበጣል። ሁለቱም እሑድ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚዘምሩ ሊሆኑ ይችላሉ። መጠጥ የማይቀምሰው ሰብሳቢ ስለ መርፌዋ የሚጠይቀው ሰባኪ ብዙ ጊዜ አያጋጥመውም፤ ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑ ግን በመጽሐፈ ምሳሌ በግልጥ ተጽፏል።

በ2010 ዓ.ም. የመጣው መከራ ይህን ወሰን በሁለት ወገን ገለጠው። በአንድ ወገን፣ በጌዴብ፣ በኮቸሬና በይርጋጨፌ አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች ለተፈናቃዩ ተከፈቱ፤ ብዙ ገበሬዎችም በጠባብ ማሳቸው ላይ ዘመድና ባዳ አስጠጉ። እዚህ ላይ የእንሰትን ጠባይ የማያውቅ አንባቢ የልግስናውን መጠን ሊስተው ይችላል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ተክል ስለ ሆነ፣ ለእንግዳ ቆጮ ይሆን ዘንድ ያለ ጊዜው የሚፈነቀለው ግንድ ከባለቤቱ ልጆች የከርሞ ቀለብ ላይ የሚነሣ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያከበረው ይህንኑ እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን ያስተባበረ እርሻ ነበር፤ ሥነ መለኮታችን ግን እስካሁን የምጽዋት መማሪያ አድርጎ አላነበበውም።

በሌላው ወገን፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዕርቅ በምን ይፈጸም የሚለው ጥያቄ ነበረ። ጉጂና ጌዴኦ በጋራ የሚያውቁት የጎንዶሮ ሥርዓት አለ፤ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አቀራርበው፣ በደሉ በአደባባይ ተነግሮ፣ ቂም የሚቀበርበት ነው። የእርድ ሥርዓት ስላለበት አንዳንድ ምእመናን ይሸሹታል፤ መሸሻቸው ከእምነታቸው አንጻር ሊገባን ይችላል፤ በእርሱ ፈንታ የተተካ በደልን በአደባባይ የሚያናግር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አለመኖሩ ግን ሊገባን አይችልም። በቅዳሴ ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላም እንዲባባል ሲያዝዝ፣ ምእመናኑ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ሥርዓቱ ያማረ ነው። ዳሩ ግን በቀኝና በግራ የሚቆመው ሁልጊዜ የራስ ወገን ከሆነ፣ በማቴዎስ ወንጌል መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የተባለው ትእዛዝ የሚፈጸመው በማን ላይ ነው?

ጥያቄው በቃል ዕርቅም አያበቃም። በምዕራብ ጉጂዋ ቀርጫም ሆነ በጌዴኦ ወረዳዎች፣ የሸሸው ጎረቤት ትቶት በሄደው ማሳ ላይ የቀላውን ቡና የለቀመ ሰው ከዋጋው አሥራት ቈርጦ ቢያመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ምን ትመልስለታለች? የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ዲድስቅልያ ጳጳሱ የግፈኞችን መባ እንዳይቀበልና በእርሱም መበለቶችን እንዳይመግብ ያዝዛል፤ ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ በቤቱ ከገባ በኋላ ነው። የመዝገብ ያዡ ሽማግሌ የአሥራቱን ልክ ከመጻፉ በፊት ቡናው ከማን ማሳ እንደ ተለቀመ መጠየቅ ይችላል፤ አጥቢያው ትንሽ፣ ማሳውም በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነውና መልሱ አይሰወረውም።