መልክና ጠባይ በሲኒማ መጋረጃ

በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ልማድ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን ወደ ጎን ዞረው ባንድ ዓይን ይሣላሉ። በዚህም ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ ደጉን ከክፉው ለመለየት አይቸገርም። ሠዓሊው ይህን ያደረገው ለትምህርት ነውና አይነቀፍም። ዳሩ ግን ይኸው አስተያየት ወደ ሲኒማ ቤት ሲገባ ሌላ ነገር ያመጣል፤ ይኸውም የተዋናዩን መልክ አይተን በጠባዩ ላይ መፍረዳችን ነው።

የቁንጅና ሚዛን እንደየዘመኑ ይለዋወጣል። በጎጃም በአያቶቻችን ዘመን አንገቷን የተነቀሰች፣ ድዷም የጠቈረ ሴት ውብ ትባል ነበር። ዛሬ ግን ያው ንቅሳት በቴሌቪዥን ድራማ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ የተፈቃሪይቱም ቦታ ለቀይዋና ለሰልካካዋ ይሰጣል። እንግዲህ የተለወጠው ሚዛኑ ነው እንጂ ሰውን በመልኩ መመዘን አልቀረም።

ይህን ስጽፍ ራሴን ንጹሕ አላደርግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመርጡለ ማርያም ተማሪዎች ስለ እቴጌ እሌኒ ቴአትር ሲያዘጋጁ ከመራጮቹ አንዱ ነበርሁ። ቃሉን ከሁሉ አሳምራ የተናገረችው ጠይም፣ በግንባሯም የመስቀል ንቅሳት ያለባት ልጅ ነበረች። እኛ ግን «የንግሥት መልክ የላትም» ብለን የደንገጡርነቱን ቦታ ሰጠናት። ለመሆኑ የእቴጌይቱን መልክ ያየ ከመካከላችን ማን ነበር? በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ጌጠኛ ቅርጽ ያለበት ድንጋዩ ዛሬም በደጃችን አለ፤ እርሱም ስለ ትጋታቸው እንጂ ስለ አፍንጫቸው አይመሰክርም። ልጅቱም የተሰጣትን ሠርታ ወረደች፤ ዳግመኛም ወደ መድረክ አልወጣችም።

ተመልካች ከቆንጆ በቀር አይወድም የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሆነው የአቶ ኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። በ1968 ዓ.ም. በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በፀሐይና በድካም የጠቈረው የገበሬ ፊት ያለ ኩልና ያለ ዱቄት መጋረጃውን ሞልቶ ይታያል። በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ባገኘው «ጤዛ» ደግሞ ዋናው ሰው አንበርብር እግሩን ያጣ፣ ሐሳብም ያደከመው ምሁር ነው። ሆኖም ተመልካቹ ከእርሱ ጋር ያዝናል፤ ከእርሱም ጋር ይፈራል።

ውበት በመጋረጃ ላይ መታየቱ ነውር አይደለም። ነውሩ ደግነትንም ማዕርግንም ለአንድ ዓይነት መልክ ብቻ መስጠት ነው፤ ይህን እያየ የሚያድግ ልጅ በመስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን ከደንገጡሮቹ ወገን ይቈጥራልና። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ተዋንያንን የምንመርጥ ሁሉ፣ በመጀመሪያ ዓይናችንን ጨፍነን ድምፃቸውን ብንሰማ መልካም ይመስለኛል። እኔም ያን ቀን እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ፣ የመርጡለ ማርያም ሕዝብ እቴጌውን በሰማ ነበር።