ስሟን ለሥራ የሰጠች ልጅ

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ከዶርም ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነው። ብዙዎቻችሁ «ስፒሪትድ አዌይ» በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። ያኔ የገባኝ ለሁሉም ሰው እንደሚገባው ነበር፤ አንዲት ፈሪ ልጅ ወደ አማልክት ዓለም ገብታ ደፋር ሆና የምትወጣበት፣ ሥዕሉ የሚያምር፣ ሙዚቃው ሆድ የሚያባባ ተረት።

ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ከትልቋ እህቴ ጋር ነው። እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሳየው ተረትነቱ ቀረና ስለ ሥራ ውል የተሠራ ፊልም ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህም እንደዚያው ነው የማየው። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። (ያላያችሁት ካላችሁ፣ መጨረሻውን ሳይቀር ስለምናገር አይታችሁ ተመለሱ።)

ከርዕሱ እንጀምር። የጃፓንኛው ርዕስ «ሴን ቶ ቺሂሮ ኖ ካሚካኩሺ» ነው። «ካሚካኩሺ» ሰው ድንገት ሲጠፋ አማልክት ሰወሩት የሚባልበት ቃል ነው። እኛም «ተሰወረ» የሚል ቃል ስላለን ነገሩ አይከብደንም። ባጭሩ «የሴንና የቺሂሮ መሰወር» እንደማለት ነው። ሁለት ስም አለ፤ የተሰወረችው ልጅ ግን አንድ ናት። የእንግሊዝኛው ርዕስ ሁለቱንም ስም አውጥቶ መሰወሩን ብቻ አስቀረ። ስም ስለመነጠቅ የሚያወራ ፊልም ባሕር ሲሻገር ራሱ ስሙን ተነጠቀ።

የ10 ዓመቷ ቺሂሮ ከእናት አባቷ ጋር ወደ አዲስ ቤት እየሄደች መንገድ ይስታሉ። አንድ የተተወ መዝናኛ ሥፍራ ውስጥ ይገባሉ። አባትየው «ኢኮኖሚው ተሟሙቆ በነበረ ጊዜ ተሠርተው የከሰሩ ናቸው» ዓይነት ነገር ይላል። ለአማልክት የተዘጋጀ ምግብ ያገኛሉ። ጥሬ ገንዘብም ካርድም አለኝ ብሎ እናትና አባት መብላት ይጀምራሉ፤ ወዲያው አሳማ ይሆናሉ። ቺሂሮ ብቻዋን ቀረች።

የምትገባበት ቦታ አማልክት ገላቸውን የሚታጠቡበት ትልቅ ቤት ነው። ፍልውሃን አስቡ፤ ልዩነቱ እዚህ ውሃውን የሚያሞቀው ምድር ሳይሆን ካማጂ የሚባል ስድስት እጅ ያለው ሽማግሌ ነው፣ ቀን ከሌት ምድጃ ሥር። ሃኩ የሚባለው ልጅ ለቺሂሮ የሚነግራት ምክር አንድ ብቻ ነው፦ ሥራ ጠይቂ፣ እምቢ ብትባይም ደጋግመሽ ጠይቂ። እዚያ ቤት ሥራ የሌለው ወደ እንስሳ ይቀየራል። አስማተኛዋ ባለቤት ዩባባ ደግሞ ሥራ የጠየቀን ሁሉ ለመቅጠር ቃል ገብታለችና መከልከል አትችልም።

እና ውሉን ታቀርብላታለች። ቺሂሮ ስሟን ትጽፋለች። ዩባባ ስሙ እንደበዛባት ትነግራትና እጇን ትዘረጋለች፤ ፊደላቱ ከወረቀቱ ላይ ተነቅለው ወደ መዳፏ ይገባሉ።

እዚህ ጋ ጃፓንኛ ለማናነብ ሰዎች አንድ ነገር ያመልጠናል። «ቺሂሮ» በሁለት ፊደል ይጻፋል። የመጀመሪያው «ሺህ» ማለት ነው። ሁለተኛው ሁለት እጅን ግራና ቀኝ ዘርግቶ የሚለካ የጥንት መለኪያ ነው፤ የባሕር ጥልቀት ይለካበት ነበር። ዩባባ የቤተሰብ ስሟንና ይህን ሁለተኛ ፊደል ትወስዳለች። የሚቀረው ፊደል ብቻውን ሲቆም «ሴን» ተብሎ ይነበባል፤ ሺህ። ሺወርቅ የምትባል ልጅ ቀጥሮ «ወርቁ ይቅርና ሺ እንበልሽ» እንደማለት ነው። ጥልቀቷ ተወሰደ፣ ቁጥሯ ቀረ።

እኛ ብዙዎቻችን የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም ተብለን ነው ያደግነው። መተተኛ ስምህንና የእናትህን ስም ካወቀ አለቀልህ ይባላል። ስለዚህ ስም ያዢዋ አስማተኛ ለኛ እንግዳ አይደለችም። ዳይሬክተሩ ሃያኦ ሚያዛኪ ግን ዩባባን አስማተኛ ብቻ አላደረጋትም። ቢሮ አላት፣ ወርቅና ሒሳብ ትቆጥራለች፣ ሠራተኛ ትቆጣጠራለች። ስሙንም የምትወስደው ከፊርማ በኋላ ነው። ልጅቷ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አቀብላታለች።

እህቴ ፊልሙን አቁም ያለችኝ እዚህ ላይ ነበር። ቤይሩት ውስጥ «ሮዛ» ነበር የምትባለው። እውነተኛ ስሟ ለማዳም ከበዳት፤ በገባች በመጀመሪያው ቀን ተቀየረ። (ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው።) ክፋት አልነበረበትም ትላለች፣ ለመጥራት እንዲቀል ነው። «ግን በሦስተኛው ዓመት ደውለህልኝ በስሜ ስትጠራኝ፣ ማንን ነው የሚጠራው ብዬ ትንሽ ቆየሁ» አለችኝ። እኔ ያንን ዝምታ የኔትወርክ ችግር መስሎኝ ነበር።

ፊልሙ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ስም የሚጠፋው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በልምድ ነው። ሃኩ የደበቀላትን ልብሷን ሲመልስላት ኪሱ ውስጥ ከድሮ ጓደኞቿ የተሰጣት የስንብት ካርድ አለ። ስሟን ከካርዱ ላይ ታነባለች፤ ገና በገባች በማግስቱ ልትረሳው ደርሳ ነበር። ከዚያ ሃኩ የሩዝ ድብልብል ይሰጣታል። ስትጎርስ እንባዋ ይወርዳል፣ ከዓይኗ የሚበልጥ እንባ። ስሟ ሲመለስላት ነው ማልቀስ የቻለችው።

ይሁንና ፊልሙ ሥራን አይንቅም። ሚያዛኪ ራሱ በወጣትነቱ ቶኤይ አኒሜሽን ተቀጥሮ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራተኛ ማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ነበር። ሥራ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ የሚያውቅ ሰው ነው። ፊልሙን ያሰበው በየበጋው ከሚያያቸው የወዳጆቹ ልጆች ተነስቶ ነው፤ የሚያነቧቸው መጽሔቶች ስለ ፍቅር ብቻ የሚያወሩ ሆነው አገኛቸውና ለ10 ዓመት ሴት ልጆች ሌላ ነገር መሥራት ፈለገ። ቺሂሮ ልዩ ኃይል የላትም። ወለል መወልወል እንኳ አትችልም። የምታሸንፈው የሚሸት ጭቃ ለብሶ የመጣውን እንግዳ ሳትጠየፍ ስላጠበችው ነው። ጎኑ ላይ የተሰካ ነገር አግኝታ፣ ሁሉም ተረባርበው ሲስቡት ብስክሌት ይወጣል፣ ተከትሎም የቆሻሻ ክምር። እንግዳው የወንዝ አምላክ ኖሯል። ይህ ከምናብ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሚያዛኪ በሰፈሩ ወንዝ ሲያጸዱ ብስክሌት ጎትተው አውጥተዋል።

ፊልሙ የተሠራበትም መንገድ ከዚሁ አይርቅም። ገጸ ባሕርያቱ በወረቀት ላይ በእርሳስ ተስለው ቀለማቸው በኮምፒውተር ተሞላ። ታሪኩ ሳያልቅ ነው ሥዕሉ የተጀመረው፤ ፊት አልባው ካኦናሺ መጀመሪያ ድልድይ ላይ ከመቆም ያለፈ ድርሻ አልነበረውም። ዘንዶ የሆነው ሃኩ መድኃኒት በግድ ሲውጥ የሚታይበትን ትዕይንት ለመሳል፣ ሠዓሊዎቹ እንስሳት ሐኪም ቤት ሄደው የውሻ አፍ ሲከፈት አይተዋል። ዘንዶ በዓለም ላይ የለም፤ መድኃኒት አልውጥም ብሎ የሚታገል ውሻ ግን አለ። የማናውቀውን ዓለም የምናምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ዝምታው ነው። ሚያዛኪ ለአሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ለሮጀር ኢበርት እያጨበጨበ አሳይቶታል፤ በጭብጨባና በጭብጨባ መካከል ያለው ባዶ ጊዜ በጃፓንኛ «ማ» ይባላል። በአቦልና በቶና መካከል ያለውን ጊዜ አስቡት፤ ምንም አይደረግም፣ ጨዋታው ግን የሚደምቀው ያኔ ነው። ቺሂሮ ውሃ ላይ በሚሄደው ባቡር ተቀምጣ በመስኮት ትመለከታለች። እንደ ጥላ የሳሱ መንገደኞች ይወርዳሉ። የጆ ሂሳኢሺ ፒያኖ ብቻ ይሰማል። ፊልሙ እስከዚህ ድረስ ሲያሯሩጣት ቆይቶ እዚህ ይተዋታል። ለማስታወስ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የዩባባ ቤት የማይሰጠው ደግሞ ይህንን ነው። ከባቡሩ በኋላ ነው ቺሂሮ በልጅነቷ የወደቀችበትን ወንዝ ስም የምታስታውሰው። የሃኩ እውነተኛ ስም ያ ወንዝ ነው። ወንዙ ተደፍኖ ሕንጻ ተሠርቶበታል፤ እሱም ቤቱን የረሳው ለዚህ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፣ በ2002 በርሊን ላይ የወርቅ ድቡን ተጋራ፣ በ2003 ኦስካር ወሰደ። እስከ 2020 ድረስ በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ገቢ የሚስተካከለው አልነበረም። ይህን ያህል ተወዶም ስለ አንድ ነገር ብዙ ሲወራ አልሰማሁም። እኔም እህቴ እስክትጠይቀኝ አላሰብኩበትም።

በመጨረሻ ዩባባ አሳማዎች ደርድራ እናት አባትሽን ለዪ ትላታለች። ቺሂሮ «እዚህ የሉም» ትላለች፤ ልክ ናት። ውሉ ብን ብሎ ይጠፋል። ሠራተኞቹ በደስታ ይጮሃሉ፣ ቺሂሮ እጇን አውለብልባ ትሄዳለች። ያምራል። እህቴ ግን ማያ ገጹን እያየች፣

«ሊንስ?» አለችኝ።

ሊን ቺሂሮን ሥራ ያለማመደቻት ልጅ ናት። አንድ ምሽት ባሕሩን እያዩ ሲበሉ፣ አንድ ቀን ይኼን ቤት ትቼ እዚያ ማዶ ከተማ እሄዳለሁ ትላለች። ፊልሙ ከዚህ ሥራ በፊት ማን ትባል እንደነበር አይነግረንም። የዩባባ ቤት አልፈረሰም። ነገም ምድጃው ይነዳል፣ ወለሉ ይወለወላል።

ይህን እንደ ፊልሙ ድክመት ልቆጥረው ፈልጌ ነበር። አሁን ሳስበው ሐቀኝነቱ ይመስለኛል። አንዲት ልጅ ስሟን ይዛ መውጣቷ ቤቱን አይለውጠውም፤ ሚያዛኪም ይለውጠዋል ብሎ አልዋሸንም። ግን ደግሞ ጩኸቱና ሙዚቃው ያንን እንድንረሳ ያመቻቹናል፤ እኔ ሁለት ጊዜ አይቼ ሊንን አልጠየቅኩም።

«እዚያው ቀረች» አልኳት።

እህቴ ትንሽ ዝም አለች። ቺሂሮ የተሳፈረችው ካማጂ ከ40 ዓመት በፊት የተረፈውን ትኬት ስለሰጣት ነው።

«ትኬት የሚሰጣት አላገኘችማ» አለችኝ።