ስለ ሥራ ደብዳቤ አማርኛ አንዳንድ ነጥቦች

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ ስለ አማርኛ ዕድገት በተነጋገርን ቁጥር ሐሳባችን ያረፈው በአብዛኛው በቃላት ላይ ነው። ለዚህ የባዕድ ቃል ምን እንተካ፣ ያኛውንስ እንደ ነበረ እንቀበለው ወይ እያልን ስንከራከር ኖረናል። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ በየቀኑ በብዛት የሚጻፍበትን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስንመረምር ችግሩ የቃል እጥረት አለመሆኑን እናያለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

እንዲያውም ደብዳቤ በስያሜ ረገድ ከታደሉት የሥራ ዘርፎች አንዱ ነው። «ግልባጭ» ከገለበጠ፣ «አባሪ» ከአበረ፣ «መሸኛ» ከሸኘ የወጡ ናቸው። ሦስቱም ሕዝቡ በሚናገረው ግሥ ላይ የቆሙ ስለሆኑ ጀማሪ ጸሐፊ እንኳ ያለ ማብራሪያ ይረዳቸዋል። በተለይ «መሸኛ» እንግዳን እስከ ደጅ የመሸኘትን ወግ ወደ ጽሕፈት ቤት ያስገባ መልካም ቃል ነው። ከውጭ የመጡት «ሰርኩላር»ና «ቲተር»ም ቢሆኑ ማንንም አላደናገሩም። ታዲያ ጉድለቱ ከወዴት ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በባሕር ዳር ሳለሁ ዘጌ የሚኖሩ አክስቴ አንድ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ስለ ቡና ጓሯቸው ይዞታ ላቀረቡት ማመልከቻ የተሰጠ መልስ ነው። ደብዳቤው «ያቀረቡት ጥያቄ በሚመለከተው አካል እየታየ የሚገኝ በመሆኑ አስፈላጊው ማጣራት ተደርጎ ውሳኔ እንደተሰጠበት የሚገለጽልዎ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። አክስቴ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና «ልጄ፣ የሚያየው ማን ነው? እኔስ የምመለሰው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሦስተኛ ጊዜ ለራሴ አነበብሁት፤ መልሱን አላገኘሁም። ቃላቱ ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ የሰዋስው ስሕተትም የለበትም። ያም ሆኖ አድራጊ የለበትም፤ ቀን የለበትም። አክስቴም ያንን ለመጠየቅ ብቻ ሦስት ጊዜ በጀልባ ተመላለሱ።

እንደሚታወቀው የአማርኛ ግሥ አድራጊውን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። «ልከናል» ባልን ጊዜ ላኪዎቹ እኛ መሆናችን በግሡ መድረሻ ላይ ተመልክቷል። ስለዚህ በዚህ ቋንቋ አድራጊን ማወቅ ቀላል፣ መሰወር ግን ድካም የሚጠይቅ ነው። የደብዳቤ ጸሐፊዎች ይህን ድካም በሁለት መንገድ ይወጡታል። አንደኛው ተገብሮ ግሥ ነው፤ ጉዳዩ «ይታያል»፣ «ይጣራል»፣ «ይወሰናል»፤ የሚያየው፣ የሚያጣራው፣ የሚወስነው ግን አይታወቅም። ሁለተኛው ዋናውን ድርጊት ከማሰሪያ አንቀጽነት አውርዶ «መሆኑን» ከሚለው ቃል ሥር ካስገቡ በኋላ «እንገልጻለን» ብሎ መደምደም ነው። «የጠየቃችሁትን መረጃ ልከናል» ማለት ሲበቃ «የጠየቃችሁትን መረጃ የላክን መሆኑን እንገልጻለን» ይባላል። በላይኛው ደብዳቤ እንዳየነው ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ፣ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ስም የሚፈጽመው ብቸኛ ድርጊት ማስታወቅ ሆኖ ይቀራል።

በእርግጥ ለዚህ አጻጻፍ የሚቀርብ መከላከያ አለ። ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት ስም እንጂ በግለሰብ ስም አይጻፍም፤ ተገብሮውም ትሕትና ነው ይባላል። «መሆኑን» ተገቢ ቦታ እንዳለውም አልክድም። «ሠራተኛችን መሆናቸውን እናረጋግጣለን» በሚል ደብዳቤ ማረጋገጡ ራሱ የደብዳቤው ሥራ ነው። ነገር ግን ትሕትና የሚገለጸው «እርስዎ» በማለትና ባለጉዳዩን በማክበር ነው። «አቶ እገሌ የተባሉ ግለሰብ» እያሉ ሰውን ማራቅ፣ የራስን ሥራ ደግሞ ባለቤት ማሳጣት ትሕትና ሊባል አይችልም።

ተገቢውን መልስ ያላገኘ ደብዳቤ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት ከጣና ዳርቻ መራቅ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በአማርኛ የጻፉት ደብዳቤ ላኪውንና ተቀባዩን በስም ጠርቶ የሚጀምር፣ መልእክተኞች የመላክ ሐሳባቸውንም በግልጽ የሚናገር ነበር። ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ የንግሥቲቱን መልስ ራሳም ይዞ የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ራሳም በቆራጣ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዘጌ ሆነው ሐይቁን አቋርጠው ሲጻጻፉ ከቆዩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ራሳምም ታሰረ። ፍጻሜው የ1860ው መቅደላ ነው። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነበር አልልም፤ ሆኖም ጠያቂን ያለ መልስ ማቆየት ራሱ እንደ መልስ እንደሚቆጠር ያሳያል። የአክስቴ ደብዳቤም መልስ ይምሰል እንጂ ከዚያ ዝምታ ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ለጸሐፊዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት ማሰሪያ አንቀጹ ይመርመር። «እንገልጻለን»ን ሰርዘን የደብዳቤው ቁም ነገር ካልተነካ ቃሉ ትርፍ ነበር ማለት ነው። ተገብሮ ግሥ ሲገኝ «በማን?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ቀጠሮ ካለ ቀኑ ይጻፍ። የአክስቴ ደብዳቤ በዚህ መንገድ ቢቃና «ማመልከቻዎን የይዞታ ክፍሉ እያጣራ ነው፤ ሚያዝያ 20 ቀን መጥተው ውሳኔውን ይውሰዱ» ይሆን ነበር። እዚህ ውስጥ አዲስ ቃል የለም፤ አካዳሚ የሚጠብቅ ስያሜም የለም። የሚጠብቀው «እኔ አጣራለሁ፣ በዚህ ቀን እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ መዝገበ ቃላት ሊያዘጋጅልን አይችልም።